የእድሩ ድንኳን በእኔ ግቢ

እኔ ሳልሞት ተለቅሶልኛል። ለቅሶዬን የሰማሁትም ሽንት ቤት ውስጥ ቆሜ፣ መዶሻ በእጄ ይዤ ነው። ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ከዚህ እጀምራለሁ፤ የሚሰማኝ ሰውም ሁልጊዜ «ቆይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው» ይለኛል። እንግዲያው ከመጀመሪያው ልነሳ።

ባለቤቴ ያረፈው ካለፈው ክረምት በፊት ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከመተማ ተሻግረን እዚህ ስንኖር ብዙ ዓመታችን ነው። ልጅ አልሰጠንም፤ ከሁለታችን ሌላ ቤት ውስጥ ድምፅ የነበራት የስፌት መኪናዋ ብቻ ነበረች። እሱ ከሄደ በኋላ ሻሽ አልብሼ ጥግ አስቀመጥኳት። ቤቱም አብሯት ዝም አለ። ማንኪያ ከእጄ ሲወድቅ እንኳ እደነግጥ ነበር።

ዝምታውን የሰበረችው ጎረቤቴ ናት። ሎሪዎች በሚቆሙበት ሜዳ ዳር ሻይ ትሸጣለች። ሎሪዎቹ የአረምና የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ ጭነው የሚወጡት ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ ሻይዋም ጎህ ሳይቀድ መፍላት አለበት። ሴት ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ልጅቱን የት ታድርጋት? በር ቆልፋባት መሄድ ስለፈራች ይዛት ትሄድና ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጣት ነበር። አንድ ቀን የሻይ ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ። የልጅቱ ክንድ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተላጠ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እናትየዋ ደጄ ላይ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ እባክሽ ያዥልኝ። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ብቻ።»

«እስኪከፈት ብቻ?»

«ሲዘጋም።»

ፈገግታ መጣብኝ። ያን ጊዜ በጥቁር ልብስ ፈገግ ማለት ያሳፍረኝ ስለነበር ፊቴን ወደ ጓዳ አዞርኩ። «አስገቢያት» አልኩ።

አንዷ ልጅ ብዙ አልቆየችም ብቻዋን። ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ቆይታ ወደ ከተማ የመጣች እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን አመጣች፤ በትግርኛ ተጣልተው በዓረብኛ የሚታረቁ ናቸው። ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ሱዳናዊት የልጅ ልጆቿን አመጣች። ለአረም የሚወጡ የጎንደር ሴቶች ከሎሪው ላይ ሆነው ልጆቻቸውን በአጥር ያቀብሉኝ ጀመር። አንዷማ ሎሪው እየሄደ አቀበለችኝ። ማለዳ ይመጣሉ፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ቀትር ላይ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ፣ እናቶቻቸው እስኪመለሱ ግቢዬን ያተራምሱታል። ማንኪያ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል!

ችግሩ ጥላ ነበር። ከገለባ የተሠራችውን ራኩባዬን፣ የግቢዬን ዳስ፣ የክረምቱ ንፋስ ግማሿን ወስዷታል። የቀረችው ግማሽ ስድስት ልጅ አትችልም። ፀሐይዋ ስትዞር ልጆቹ ከጥላዋ ጋር ይዞራሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም አጥሩ ሥር ተደራርበው አገኛቸዋለሁ። ሽሮውም እየሳሳ፣ ዳቦውም እየተቆረሰ፣ እኔም «ከዚህ በኋላ አልችልም» የምልበት ቀን እየቀረበ ነበር። አልችልም ካልኩ ደግሞ ያቺ ልጅ ወደ ምድጃው ዳር ትመለሳለች። ክንዷን ሳጥባት ሁልጊዜ ይህ ይታየኝ ነበር።

በዚህ መካከል ነው ወሬው የመጣው። ማሐሊያው፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጆች ለሚይዝ ቤት ገንዘብ ሊሰጥ ነው ተባለ። ለአንድ ሰፈር የሃያ ልጅ ቦታ። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቱን በዓረብኛ አነበበልኝ፣ እኔ በወረቀቱ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። ለሃያ ልጅ የሚበቃ ጥላ። ለያንዳንዱ ልጅ መቀመጫ። ለያንዳንዱ ልጅ ኩባያ። የመጠጥ ውሃ። በር ያለው ሽንት ቤት። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ካልተሟላ ሃያው ቦታ ወደ ሌላ ሰፈር ያልፋል።

«ገንዘቡ ሲሰጠን እኮ ጥላውን እንሠራለን» አልኩት።

«ገንዘቡ የሚሰጠው ጥላ ላለው ነው» አለኝ።

«ጥላ ቢኖረኝ ለምን እመጣ ነበር?»

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስኮቱ ላይ ነው የተቀመጠው።

ተቆጣጣሪው ማክሰኞ እንደሚመጣ ተነገረን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴና እኔ ግቢው መካከል ቆመን ያለንን ቆጠርን፤ አምስት ኩባያ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ የተገለበጠ ባልዲ። ከዚያ እሷ፣

«እትዬ፣ ብዙ ኩባያ፣ ብዙ አግዳሚ፣ ትልቅ ጥላ ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

«ሆቴል።»

«እድሩ!»

እድራችን የመተማና የጎንደር ሰዎች እዚህ አገር ላይ ለመቀባበር ያቋቋሙት ነው። ትልቅ ነጭ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ኩባያ በካርቶን አለው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለብዙ ዓመት የያዘው ባለቤቴ ነበር። እሱ ሲሞት ቁልፉ ወደ እድሩ ዳኛ ተመለሰ፤ ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ እኛው ሰፈር ናቸው፣ ሳላቸው ከሩቅ ያስታውቃል።

ገና ደጃቸው ላይ ሲያዩኝ ቁልፋቸውን ይዳብሱ ጀመር።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አባ። ድንኳኑን ለነገ ጠዋት ፈልጌ ነው።»

«ማንም ካልሞተ ድንኳን ምን ያደርግልሻል?»

«ልጆች ላስቀምጥበት።»

«ልጄ፣ ለሕያው ሰው ድንኳን አውጥቼ አላውቅም። ለገዛ ልጄ ሠርግ እንኳ አላወጣሁ! ሰርገኛው በፀሐይ ነው የጨፈረ።»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ።»

«ደንብ ደንብ ነው። ሟች ከሌለ ድንኳን የለም።»

ጎረቤቴ ጣልቃ ገባች። «እኔ ልሙትልዎ፣ አባ?»

«አንቺ ሞተሽ ሻይ ማን ያፈላልናል!» አሉ፤ ግን ተነሥተው ነበር። ዕቃ ቤቱን ከፈቱልን። ድንኳኑ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አናቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ጥጋኝ ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል። ጥጋኙ የባለቤቴ እጅ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ከተረፈው ጨርቅ ቆርጦ የጣፈው። ያን ጊዜ «ነጭ ጨርቅ አጣህ ወይ?» ብለው ሲቆጡት «ለቀስተኛ ቀና ሲል ሰማይ ይምሰለው ብዬ ነው» ብሏቸው ነበር።

ዳኛው ጥጋኙን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከስድስት ሰዓት በፊት ተመልሶ እዚህ ላየው። ካላየሁት ለእኔው ለቅሶ ነው የምታወጡት» አሉን።

አሁን ሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለን፤ ለሰፈሩ መንገር። በእኛ ሰፈር ለሞት ጥሩምባ አይነፋም። የዚያ ድንኳን ነጭ ጫፍ ከአጥር በላይ ከታየ ሰው ሥራውን ጥሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ይህን እኔም ጎረቤቴም ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለ ኩባያ ስናስብ ተረሳን።

ማክሰኞ ማለዳ ሁለት የሎሪ ጫኞች ድንኳኑን ተከሉልን። ልጆቹ ሲመጡ አበዱ። ከአግዳሚ አግዳሚ ይዘላሉ፣ በካስማው ገመድ ይወዛወዛሉ፣ አንዱ ማዕዘን «ካርቱም» ሆነ፣ አንዱ የድንበሩ «ሐምዳይት» ሆነ፣ በመካከሉ ባልዲውን ጀልባ አድርገው ድንበር ይሻገራሉ። የዚያን ቀን ትምህርት ቤቱ ለመምህራን ስብሰባ ዘግይቶ ስለሚከፈት ሁሉም እዚያው ነበሩ። እኔ ምስሬን ጥጄ ወደ ጓሮ ሄድኩ። የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ ወረቀቱ ስለ መቀርቀሪያ ባይልም ልጅ ያለበት ቤት ነውና አንዲት እንጨት ከውስጥ ቸንክሬ እገጥም ጀመር።

ሦስተኛውን ምስማር ስጨርስ ነው ያ ጩኸት የመጣው።

«እህቴን! ምነው! ምነው ሳትነግሪኝ!»

ድምፁን አውቀዋለሁ። በሰፈራችን ሙሾ በማውረድ እሷን የሚያህላት የለም፤ የባለቤቴንም ለቅሶ የመራችው እሷ ናት። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

«ባሏን ተከትላ! ድስቷን እሳት ላይ ጥላ!»

የማን ድስት እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሌሎችም ገብተዋል። ደረት ይመታል፣ አፍንጫ ይናፈጣል።

«ትናንት እኮ አይቻታለሁ፣ ሽንኩርት ስትገዛ።»

«ሽንኩርቱን እንኳ ሳትበላው!»

«ደግ ነበረች።»

«ደግስ ደግ ነበረች። ወጧ ግን ጨው ይበዛበት ነበር።»

«ኧረ ስለ ሟች እንዲህ አይባልም!»

«ሟችም ታውቀው ነበር።»

ልወጣ በሩን ገፋሁት። አልከፈት አለ። ሦስተኛው ምስማር ለካ እንጨቱን አልፎ መቃኑን ነክሶታል። በመዶሻው እመታው ጀመር። ዷ! ዷ! ዷ! ለቅሶው ጸጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሣጥኑን እየመቱ ነው» አለች አንዷ በለሆሳስ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጩኸት ለባለቤቴም አልተነሣ።

በመጨረሻ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ እኔ መዶሻዬን እንደያዝኩ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። ሙሾ አውራጇ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ቀረች። ስንኙ መካከል ላይ ነበረች። አየችኝ። መዶሻውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ወረወረችብኝ።

«አንቺ! እንዴት አትሞቺም!»

«ይቅርታ» አልኩ።

ሌላ ምን ይባላል? «ይቅርታ» ካልኩ በኋላ ግን ሳቅሁ። መቆም እስኪያቅተኝ፣ ካስማውን ይዤ፣ ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ባለቤቴን በተሰናበትኩበት በዚያው ድንኳን ሥር ሳቅሁ። እሷም በአንድ እግሯ ጫማ መጥታ አቀፈችኝ፤ ከሁለታችን ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚስቅ መለየት አልተቻለም። ልጆቹ ምክንያቱን ሳያውቁ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ።

ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ ታስተናግዳለች። «አልሞተችም! አልሞተችም! ግቡ፣ ተቀመጡ!» ማንም አልተመለሰም። ድንኳን ሥር ገብቶ ሳይቀመጥ የሚሄድ የእኛ አገር ሰው የለም። እዝን ብለው ዳቦ ያመጡ ነበሩ፣ ንፍሮ ቀቅለው ያመጡ ነበሩ፤ ዳቦውና ንፍሮው ለልጆቹ ቁርስ ሆነ። አግዳሚው ሁሉ በለቀስተኛ ሞላ። ልጆቹ መቀመጫ ሲያጡ የቀረባቸው ሰው ጭን ላይ ወጡ።

ተቆጣጣሪው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ረጅም ሰው ነው፣ አቃፊ በብብቱ ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ ድንኳኑን አየ፣ ጥቁር ለባሾቹን አየ፣ ዓይናቸው የቀላውን ሴቶች አየ። አቃፊውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አደረገና እንደ አገሩ ሥርዓት ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ። «አል ፋቲሐ» አለ፤ ለሟች የሚደግሙት ጸሎት ነው።

እንግዳ በክብር ሲያዝን ዝም ማለት ነውር ነው። ሁላችንም መዳፋችንን ከፈትን። ልጆቹም ከፈቱ። ሙሾ አውራጇ አንድ ጫማዋን እንደያዘች ከፈተች። ጸሎቱን ጨርሶ ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ ተሰጠው፣ ንፍሮ ተሰጠው። አንገቱን ደፍቶ ዘገነ። ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ማን ነው ያረፈው?»

የማውቀው ዓረብኛ ሁሉ ጠፋኝ። «ማንም» አልኩ።

«ማንም?»

የጎረቤቴ ልጅ እዚያው አጠገቡ የአንዲት ባልቴት ጭን ላይ ሆና ንፍሮ ታኝክ ነበር። እሷ ዓረብኛ አይጠፋትም።

«ኻልቶ ማተት» አለችው እኔን እያሳየች፤ አክስቴ ሞታ ነበር ማለቷ ነው። አኝካ ዋጠችና ጨመረች። «ሐሳ ኩወይሳ።» አሁን ደህና ናት።

ሰውዬው ሻዩን አስቀመጠ። አየኝ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ሁሉንም በተሰባበረ ዓረብኛ ነገርኩት። ድንኳኑ የእኔ እንዳልሆነ፣ የሙታን እንደሆነ፣ አግዳሚውም ኩባያውም እንዲሁ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚመለስ። የእኔ አምስት ኩባያና አንድ ባልዲ ብቻ እንደሆነ። የሽንት ቤቱ በር እስከ ዛሬ ጠዋት እንደነበረም ነገርኩት።

አልሳቀም። ቅጹን አወጣ።

«ይህ ድንኳን ሲሄድ ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?»

ጎረቤቴ ቀርባ የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ክንዷን አሳየችው።

«ከምድጃዬ ዳር» አለች።

ተቆጣጣሪው የልጅቱን ክንድ ለረጅም ጊዜ አየ። ብዕሩን ቅጹ ላይ አኖረ፤ አልጻፈም። «ጥላ ከሌለ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለ፤ ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

በዚያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ ሳሉ። ድንኳናቸው እንዴት እንደሆነ ሊያዩ መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ኖሯል።

«ይህ እድር ለስብሰባ ሲጠራ ግማሹ አይመጣም» አሉ በአማርኛ፤ ጎረቤቴ ለተቆጣጣሪው ትተረጉማለች። «ሁሉም የሚመጣው ለሞት ብቻ ነው። ዛሬ ሁላችሁም አላችሁ። ስለዚህ ስብሰባ ነው። ድንኳኑ እዚህ ይቀመጥ የምትሉ?»

እጅ ወጣ። ልጆቹም አወጡ፣ አንዳንዱ ሁለት ሁለት።

«ደንቡስ፣ አባ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ደንቡ ሟች ይኑር ነው የሚል። ሟች እኮ ነበረች፤ አሁን ነው ደህና የሆነች!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ተቆጣጣሪው እስኪተረጎምለት ጠብቆ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሰው ሲሞትስ?» አለ።

«ድንኳኑ ሦስት ቀን ለቅሶ ይደርሳል፣ ይመለሳል» አሉ ዳኛው። «እስከዚያ ልጆቹ ለቅሶ ቤት ይምጡ። ጭን አይጠፋም።»

ተቆጣጣሪው ዞር ዞር ብሎ አየ። ልጅ ሁሉ ጭን ላይ ነበር፤ መሬት ላይ የቀረ አንድም የለም። በብዕሩ ጫፍ እየጠቆመ ቆጠረና ጻፈ። የጻፈውን ጎረቤቴ ጮክ ብሎ እንዲያነብልን ለመነችው። መቀመጫ፦ ለያንዳንዱ ልጅ አለ። ኩባያ፦ አለ። ውሃ፦ አለ። ቁርስ፦ ሲበሉ አይቻለሁ። የሽንት ቤት በር፦ በሁለት ቀን ውስጥ ይገጠማል። ጥላ፦ አለ፤ ሰው ሲሞት ለሦስት ቀን የለም።

«ጽሕፈት ቤቱ ያሉት እንዲህ ያለ ቅጽ ተቀብለው ያውቃሉ?» አልኩት።

«ይቀበሉታል» አለ። «እኔም አዝኛለሁ፤ የመጣሁበት ቤት ለቅሶ ነበር እላቸዋለሁ።» ሲወጣ ንፍሮ በኪሱ ጨመርንለት።

ተቀበሉት። ሃያው ቦታ የእኛ ሆነ። አሁን ሽሮው ወፍሯል፣ ኩባያው የራሳችን ነው፣ የሽንት ቤቱ በር በሁለት ማጠፊያ ቆሟል። የስፌት መኪናዋን ሻሽ አውልቄ የድንኳኑን ጠርዝ እዘመዝምባታለሁ፤ ልጆቹ ከበዋት ድምፅዋን ይሰማሉ። የጎረቤቴ ልጅ ቦታዋን መርጣለች፣ ከጥጋኙ ሥር። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስታልፍበት ክንዷ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያርፋል፤ ያን ክንዷን አሁን አትደብቀውም፣ ብርሃኑን ልትይዝ ትዘረጋዋለች። እኔም ቀና ብዬ አያለሁ። ባለቤቴ እውነቱን ነበር፤ ሰማይ ይመስላል።

አንድ ነገር ብቻ ልጆቹን ያሳስባቸዋል። ሰው ከሞተ ድንኳኑ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ስለዚህ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠብቃሉ። ባልቴቶች ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ይቆጧቸዋል፣ ሽማግሌ ካሳለ ውሃ ይዘው ይሮጣሉ። ከሁሉ የሚፈሩላቸው ግን ለዳኛው ነው፣ በሳላቸው ምክንያት። ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሁሉም በደጃቸው ያልፋሉ፣ የጎረቤቴ ልጅ በሩን ትቆረቁርና በዓረብኛ አያቴ እያለች ትጠራቸዋለች።

«ጂዶ! ጂዶ! ደህና ነህ?»

ከውስጥ ሳል ይሰማል። ልጆቹ እስትንፋሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«አለሁ!» ይላሉ ዳኛው። «አልሞትኩም! ሂዱ ተማሩ!»

ልጆቹም እልል እያሉ ይሮጣሉ።